ሰባት ተኩል አምፔር

ይህ ታሪክ በእኔው ላይ የደረሰ ነው። ሰው ሲያወራ ሰምቼ አይደለም፤ ጊዜ ለማሳለፍም አልፈጠርኩትም። ጨለማ ሌሊትና ጫካ የምትጠብቁ ካላችሁ ከአሁኑ ይቅርታ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ዛፍ የሚባል ነገር በሌለበት ሜዳ፣ አስፋልቱ ዳር፣ አውቶቡሳችን ቆሟል።

ውስጡ ሁለት ሰው ነበርን። እኔና አባባ።

ሁለት ብቻ... ብዬ ነበር የማስበው።

አውቶቡሱ ድሮ እስረኛ ያመላልስ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከሐራጅ ገዝቶት አልጋ፣ ምድጃና የውኃ በርሜል አስገባንበትና መኪና-ቤት አደረግነው። ለሽርሽር አይደለም። የአባባ ሳንባ ደክሟል። ሐኪሙ "ዝቅ ያለ አገር ውሰዱት፣ እዚህ ከፍታ ላይ አይከርምም" ብሎናል። መንገዱ ሦስት ቀን ነው። አባባ ደግሞ ያለ ኦክስጅን ማሽን ሩብ ሰዓት አይቆይም።

ማሽኑ በባትሪ ይሠራል። ባትሪው ካለቀ... አባባ አለቀ።

ነገሩ ይሄው ነው።

አሁን ትንሽ ታገሡኝ፣ ስለ ሽቦ ልናገር ነው። መኪናው ራሱ የሃያ አራት ቮልት ነው። ከአባባ አልጋ ሥር ያሉት ሁለቱ ባትሪዎች ግን የአሥራ ሁለት ናቸው። ስለዚህ ሹፌሩ አጠገብ ሃያ አራቱን ወደ አሥራ ሁለት እያወረደ የሚሞላ ቻርጀር አሰርኩ። ኤሌክትሪክ ነው የተማርኩት። በዚህ ሥራዬ እስከ ዛሬ አላፍርም።

ችግሩ የመጣው ከቻርጀሩ እስከ ባትሪዎቹ ባለው መንገድ ላይ ነው። አዲስ ሽቦ እንዘርጋ አልኩ። ወንድሜ አሻፈረኝ አለ።

"ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋ እጄን የሚያህል ሽቦ እያለ?"

"ጋሼ፣ የት ገብቶ የት እንደሚወጣ አናውቅም እኮ።"

"አንተ ኢንጂነሩ፣ አራት ዓመት የተማርከው ሽቦ መፍራት ነው?"

ጋሼ በያጅ ነው። እጁ ወርቅ፣ አፉ እሬት። አንዴ እምቢ ካለ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ተውኩት።

አሮጌው ሽቦ መኪናው ውስጥ ከኋላ ባለች የላሜራ ሣጥን ውስጥ ያልፋል። ብቻውን እንዲጓዝ የተፈረደበት እስረኛ የሚቀመጥባት፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ክፍል ናት። ነቅለን እንጣላት ስለው ጋሼ "ቦዲው ይላላል" አለኝና በሯን ዙሪያዋን በየዳት። የአባባን አልጋ ራስጌ እሷ ላይ አስጠጋነው።

በመጀመሪያው ቀን ጉዞ ሞተሩ እየሠራ ለካሁ። ሽቦውን ሳይቆርጥ በመንጋጋው እቅፍ አድርጎ የሚለካ ክላምፕ ሜትር አለኝ። ከቻርጀሩ ሃያ አምስት አምፔር ይወጣል።

ባትሪው ጋ የሚደርሰው አሥራ ሰባት ተኩል ነው።

ሰባት ተኩሉ መንገድ ላይ ቀረ።

"የሆነ ቦታ ከቦዲው ጋር ተነካክቷል" አልኩት ጋሼን። መሪውን እንደያዘ ዝም አለኝ። ጋሼና ዝምታ አይተዋወቁም። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አባባ ተቆጣኝ።

"አንተ ልጅ፣ ስትተኛ እንደ ወናፍ ነው የምትተነፍሰው። ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬ ሥር!"

"እኔ እኮ ፊት ወንበር ላይ ነው ያደርኩት፣ አባባ።"

ትንሽ አሰበና "እንግዲያ ማነው?" አለኝ።

ሳቅን። አባባ እስኪያስለው ሳቀ።

ከዚያ ሜዳው ላይ ስንደርስ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጠሰ። ጋሼ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ቅርብ ወዳለው ከተማ ሄደ። "እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እመለሳለሁ። ምንም ነገር አትነካካ" ብሎኝ ወረደ።

እንግዲህ ሞተር የለም። ቻርጅ የለም። ያለን ከአልጋው ሥር ያለው ብቻ ነው።

አስልቼዋለሁ። ማሽኑ አሥር አምፔር ይወስዳል፤ ባትሪዎቹ እስከ ማታ በሰላም ያደርሱናል።

ስምንት ከሩብ ላይ ሳየው አሥራ ሁለት ነጥብ ሁለት ቮልት። ጥሩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ... አሥራ አንድ ነጥብ ሰባት።

አሥራ አንድ ቮልት ላይ ሲደርስ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል።

አልጋው ሥር ገባሁ። ከባትሪው ወጥቶ ወደ ላሜራዋ ሣጥን የሚገባውን አሮጌ ሽቦ በመንጋጋው ያዝኩት።

ሰባት ተኩል።

ወጥቼ ከሣጥኗ ወዲያ፣ ወደ ሹፌሩ የሚሄደውን ያንኑ ሽቦ ያዝኩት።

ዜሮ።

ገብቷል። አልወጣም።

ትዕግሥተኛ ሰው ነኝ፤ በማንም ላይ ሳልመረምር አልፈርድም፣ በሽቦም ላይ ቢሆን። ኤሌክትሪክ ከባከነ አንድ ቦታ መሞቅ አለበት። መጋል፣ መሽተት፣ መጨስ አለበት። ሽቦው ሣጥኗ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ በጣቴ ነካሁት።

ቀዝቃዛ ነበር።

ውጭው እሳት ነው፣ ላሜራው እንቁላል ይጠብሳል። ሽቦው ግን ከጉድጓድ የወጣ ውኃ ይመስል ነበር።

መለኪያውን እንደገና አየሁት። ሰባት ተኩል... ስምንት... ስምንት... ሰባት ተኩል... ሰባት። ቆም። ከዚያ እንደገና ወደ ላይ።

ይወጣል... ይወርዳል... ያርፋል።

ሳላስበው ራሴ አብሬው መተንፈስ ጀምሬ ነበር።

ሰባት ተኩል አምፔር በእኛ ባትሪ መቶ ዋት አይሞላም። ቁጥሩን የት እንደማውቀው ትዝ አለኝ። አስተማሪያችን አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ጽፎልን ነበር። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው አካሉ የሚያወጣው ሙቀት... መቶ ዋት ገደማ።

ላሜራዋን በጣቴ አንኳኳሁ። ባዶ ቆርቆሮ ይጮኻል። ይህቺ አልጮኸችም። የሰው ደረት እንደመምታት ነበር። ድፍን።

ለጋሼ ደወልኩ።

"ሽቦውን ልነቅለው ነው።"

"የቱን?"

"በሣጥኗ የሚያልፈውን። የአባባን ባትሪ እየጠጣው ነው።"

ከጀርባው የመኪና ጥሩንባ ይሰማል።

"እንዳትነካው" አለ በሹክሹክታ። "ስማኝ... እንዳትነካው።"

"ማሽኑ ሊጠፋ ነው እኮ! በአንድ ሰዓት ውስጥ..."

"ስመጣ ይሞላል።"

"አንተ እስክትመጣ አባባ አይቆይም! ምን ሆነሃል?"

"ጋራዡ ውስጥ እያለ ቆርጬው ነበር" አለኝ። ድምፁን አላውቀውም። ጋሼ እንደዚያ አያወራም። "በማግስቱ ከኔ የብየዳ ማሽን ገመድ ላይ ሲጠጣ አገኘሁት። ገባህ? ሽቦውን ስቆርጥበት... ሌላ ሽቦ ፈለገ። መልሼ ስቀጥልለት ነው የተወኝ።"

"ማነው የተወህ?"

መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አያነሳም።

አሥራ አንድ ነጥብ አራት።

አባባን አየሁት። ቱቦው አፍንጫው ላይ፣ ዓይኑ ክድን፣ ከንፈሩ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። እንቅልፍ ሲወስደው እንደ ልማዱ ቀኝ እጁን ወደ ራስጌው ሰዶ መዳፉን ላሜራዋ ላይ ለጥፏል። "ይቀዘቅዘኛል፣ ደስ ይላል" ይል ነበር።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? በአንድ በኩል ቁጥር አለ። በሌላ በኩል የፈራ ወንድም።

እኔ ቁጥሩን አመንኩ።

ጋሼ የሽቦውን ጫፍ ባትሪው ላይ በቀለጠ እርሳስ ድፍን አድርጎታል። አይፈታም። ማንም እንዳይፈታው ነው ያደረገው፤ ይሄም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ፒንሳ አመጣሁ። ሁለት እጄን ተጠቅሜ ጨመቅሁት።

ቀጭ።

ከላሜራዋ ወዲያ ረጅም ትንፋሽ ወጣ። ጎማ ሲተነፍስ እንደሚሰማው... ግን ማለቂያው ላይ ሳል ነበረው።

መለኪያው ዜሮ አለ። ቮልቱ ቀስ እያለ ተመለሰ። አሥራ አንድ ነጥብ ስምንት። አሥራ ሁለት። ማሽኑ ደህና ያንጎራጉራል። የተቆረጠውን ጫፍ በናስትሮ ጠቀለልኩና ከአልጋው ሥር ወጥቼ ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። ሳቄ መጣ።

ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ነው።

"ቆረጥከው።" ጥያቄ አልነበረም።

"ቆርጬዋለሁ። ባትሪው ተረፈ፣ ጋሼ።"

"አባባስ?"

"ተኝቷል።"

"ሣጥኗን ምን ይነካታል? እይልኝ። ገመድ፣ ብረት፣ ማንኛውም ነገር... ከእሷ ጋር የተገናኘ ምን አለ?"

"ምንም የለም። ሽቦው እሱ ብቻ ነበር። አሁን ምንም..."

የአባባ መዳፍ።

ዞር አልኩ። አባባ ተቀምጧል።

ስምንት ወር ሙሉ ሰው ሳይደግፈው ተቀምጦ አያውቅም። ቱቦው ጭኑ ላይ ወድቋል። ቀኝ እጁ አሁንም ላሜራዋ ላይ ነው። ጉንጩ ቀይ፣ ደረቱ እንደ ጎረምሳ ሰፊ...

"አጥፋው" አለኝ፣ ማሽኑን በአገጩ እያሳየ። ድምፁ ሞልቷል። "ጫጫታው አሰለቸኝ። አያስፈልገኝም።"

"አባባ፣ እጅህን አንሳ።"

"ለምን?"

"በናትህ፣ አንሳው!"

"ተወኝ ልጄ" አለኝ ፈገግ ብሎ። "እሱም ይተንፍስ እንጂ። ስንት ዘመን ታፍኖ።"

ተጠግቼ እጁን ያዝኩት። እንደ ሽቦው ቀዝቃዛ ነው። ሳብኩት። እንደ ብረት አልነቃነቅ አለ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ክላምፕ ሜትሩን ከፈትኩና መንጋጋውን የአባቴ እጅ አንጓ ላይ ዘጋሁት።

ሰባት ተኩል... ስምንት... ስምንት... ሰባት ተኩል...

አባባ ትንፋሽ ሲያስገባ ቁጥሩ ይወጣል። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሲያስገባ ይወርዳል።

ጋሼ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቺንጋውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ደረሰ። በሩ ላይ ቆሞ አየን። "እንኳን ደስ ያለህ፣ ኢንጂነር" አለኝ። የመጨረሻ ቃሉ ይህ ነው። እስከ ዛሬ አያናግረኝም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለውን እንኳ አልተረተብኝም።

አምስት ወር ሆነ። እዚህ ዝቅ ያለው አገር ያለ ሐኪም አባባን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፣ "ተአምር ነው" አለ። ይበላል፣ ይቀልዳል፣ አበጥ አበጥ ብሏል። ከመኪናው ግን አይወርድም። እጁ እዚያው ነው። ከአውቶቡሱ ባትሪዎቹን ሁሉ አውጥቻለሁ። አንድም የለበትም።

በየጠዋቱ እለካዋለሁ። ሰባት ተኩል።

ባለፈው ሳምንት ግን ስድስት ሆነ። ትናንት አምስት። የአባባ ከንፈር እንደገና ሰማያዊ መምሰል ጀምሯል።

ዛሬ ጠዋት ስገባ ላሜራዋ ላይ፣ ከአባባ መዳፍ አጠገብ፣ ውርጭ አየሁ። በዚህ ሙቀት። አምስት ጣት ያለው ውርጭ ነው።

ሳልነካው እጄን አጠገቡ አድርጌ ለካሁት።

ልኬ ነው።