የቤርሜት ጉልበት

ሳማት አጋይ ሻዩን ከኩባያው ውጭ ቀዱት።

ቤርሜት ሻዩ ድንጋዩ ላይ ሲፈስ አየች፤ እሳቸው ግን አላዩም። ፔርሙዙን በእርጋታ ከደኑና ባዶውን ኩባያ ሰጧት። «ጠጪ አሴል፣ መንገዱ ገና ነው።»

አሴል የቤርሜት ታላቅ እህት ናት። ተማሪ ሳለች እሷም ከእኚሁ መምህር ጋር እዚሁ ሐይቅ ዳር አድራለች። ዛሬ አግብታ ዋና ከተማው ቢሽኬክ ነው የምትኖረው።

«እሺ አጋይ» አለች ቤርሜት፣ መንደሩ መምህርን በሚጠራበት ቃል። ስሙን አላረመችም። ባዶውን ኩባያ ወደ አፏ አስጠግታ የጠጣች አስመሰለች።

ገና መንጋቱ ነበር። ሐይቁ ቦዝ ኮል በገደል ተከቦ፣ ፀሐይ ስላልደረሰበት ጠቁሮ ተኝቷል። ከበላዩ የኡች ባሽ ተራራ ጫፉ ብቻ በርቷል። ስድስቱ ልጆች በብርድ እየተንቀጠቀጡ ጫማቸውን ያስራሉ፣ ይተራረባሉ።

በመንደራቸው ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ ሁሉ ይህን ቀን ይጠብቃል። የጂኦግራፊ መምህሩ ሳማት አጋይ፣ እነዚህ ልጆች ሳይወለዱ ጀምሮ፣ ትምህርት ሲዘጋ ተማሪዎቹን በቡድን በቡድን ይዘው ወደ ሐይቁ ይወጣሉ። አየሩ ከፈቀደ በማግስቱ ጫፉ ላይ ያቆሟቸዋል። ጫፉ ላይ የተነሱት ፎቶ ትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ ይሰቀላል። ሐይቁን ብቻ አይቶ የተመለሰ ቡድን ፎቶ የለውም።

ዘንድሮ አጋይን ጉንፋን ይዟቸው ሰንብቷል። ባለቤታቸው «ይቅርብህ» ቢሏቸው ስቀው አለፉት። ሌላ አዋቂ አብሯቸው አልወጣም። ባለፈረሱ ኦሮዝ ዕቃቸውን ጭኖ እስከ ግጦሹ ካደረሳቸው በኋላ እዚያው ቀርቷል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ቋጥኝ ፈረስ አይወጣውም። ስልክም አይሠራም።

መንገድ ሲጀምሩ ሜሪም ከፊት ሆነች። የቤርሜት የልብ ጓደኛ ናት። እናቷ ሩሲያ ውስጥ የካተሪንቡርግ የሚባል ከተማ ሥራ አግኝታለች፤ ትምህርት ሳይከፈት ሜሪምም ጓዟን ጠቅልላ ትሄዳለች። «ሌላው ቢቀር ፎቶዬ እዚህ ይቅር» ስትል ነው የከረመችው።

ቤርሜት የመድኃኒት ቦርሳውን ስለያዘች ከሁሉም ኋላ፣ ከአጋይ ቀጥሎ ነበረች። ስለዚህ ሌሎቹ ያላዩትን እሷ አየች። አጋይ ደልዳላ ቦታ ላይ ተደናቀፉ። ትንሽ ሄደው እንደገና ተደናቀፉ። እግራቸው እየተራራቀ፣ ግራና ቀኝ እየረገጠ፣ ከሠርግ ቤት አምሽቶ እንደሚመለስ ሰው ሆኑ። ቆም ብለው ሐይቁን አዩትና «ይሄ ደግሞ የቱ ነው?» አሉ፣ ለራሳቸው።

ከጉዞው በፊት ክፍል ውስጥ ያስተማሯቸው ትዝ አላት። «የከፍታ በሽታ የያዘው ሰው መታመሙን አያውቅም» ብለዋቸው ነበር። «ጓደኛው ነው የሚያውቅለት። እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ አትከራከሩት፣ ይዛችሁት ውረዱ።» ኩባን የሚባለው ቀልደኛ ልጅ ያኔ ተነስቶ የሰካራም አካሄድ አሳይቶ ክፍሉን በሳቅ ገድሎት ነበር። አጋይም አብረው ስቀዋል።

«አጋይ፣ ትንሽ ብናርፍስ?» አለች።

«ደከመሽ?»

«እኔ ሳልሆን፣ እርስዎ...»

«እኔ ምን ሆንኩ?» ዞር ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ቀልቷል። በቁጣ ተናግረዋት አያውቁም፣ አሁንም ቁጣ አልነበረም፤ ግን ለቁጣ የቀረበ ነገር ነበር። ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ራሴን ትንሽ አመም አድርጎኛል፣ ያልፋል። ለልጆቹ እንዳታወሪ።»

ቤርሜት የመድኃኒት ቦርሳዋን አስተካክላ ተከተለቻቸው። ታላቅን መምከር፣ ያውም መምህርን፣ አላደገችበትም።

ቁርስ ለመቃመስ ሲቆሙ ሜሪምን ወደ ጎን ሳበቻት። «አጋይ ልክ አይደሉም። ሲራመዱ አይተሻቸዋል?»

«ሽማግሌ ናቸዋ፣ ምን ይሁኑልሽ?» ሜሪም የደረቀ እርጎ ድብልብል እያኘከች ጫፉን ታያለች። በእርግጥም ቀርቧል። «ደርሰናል እኮ። ያቺን ሸንተረር አለፍን ማለት በቃ።»

«ቅድም አሴል ብለው ጠሩኝ።»

«የኔ አያት እኔን በላሟ ስም ነው የምትጠራኝ።» ሜሪም ሳቀች፤ ከዚያ የቤርሜትን ፊት አይታ ሳቁን ተወችው። «ባክሽ ቤርሜት፣ ዛሬን አታበላሺብኝ።»

ሸንተረሩ ጠባብ ነው። በግራ ሐይቁ፣ በቀኝ በረዶ የሞላው ሸለቆ አለ፤ ወዲያም ወዲህም ሰው የሚይዘው ነገር የለም። ልጆቹ በአንድ ገመድ ታስረው ነው የሚያልፉት፤ ቋጠሮውን ደግሞ ራሳቸው አጋይ ያስሩታል። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደሚያስሩት መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

የመጀመሪያው ኩባን ነበር። አጋይ ገመዱን ወገቡ ላይ አዙረው፣ አሾልከው፣ ጠበቅ አድርገው «በል» አሉት። ኩባን ለመሞከር ሳብ ሲያደርገው ቋጠሮው እጁ ላይ ተፈታ።

«አጋይ፣ እየፈተኑኝ ነው እንዴ?» አለ ኩባን እየሳቀ።

አጋይ አልሳቁም። ገመዱን እንደ አዲስ ነገር አዩት፤ ከዚያ ያንኑ ቋጠሮ፣ በዚያው ስሕተት፣ መልሰው ማሰር ጀመሩ።

ቤርሜት ተቀመጠች። አስባበት አይደለም። «ጉልበቴ» አለች። ድምፅዋ ለራሷም የሌላ ሰው መሰላት። «ጉልበቴ ዞረ። መራመድ አልችልም።»

ሁሉም ዞሩ። አንዱ «ቁጭ ባልሽበት ነው የዞረው?» አለ። ሜሪም ከፊት ተመልሳ መጣችና አጠገቧ ቆመች። «እዚህ ትጠብቀን» አለች፣ ቤርሜትን ሳይሆን አጋይን እያየች። «እኔ ምሳዬን እተውላታለሁ። ወጥተን ለመመለስ ብዙ አንቆይም።»

አጋይ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ብዙ ነገር ከአእምሯቸው እየሸሸ ነበር፤ ለዓመታት ሲደጋግሙት የኖሩት አንድ ነገር ግን አልሸሸም። «ቡድን አይከፈልም» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ ከተመለሰ ሁሉም ይመለሳል።»

ሜሪም ጫፉን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ቁልቁል መሄድ ጀመረች።

ሲወርዱ ቤርሜት ክንዷን በአጋይ ትከሻ ላይ ጣለች። ከሩቅ ላየ አዛውንቱ መምህር አንካሳ ተማሪያቸውን ደግፈው የሚያወርዱ ነበር የሚመስለው። ክብደቱ ግን የእሳቸው ነበር። በተደናቀፉ ቁጥር ወገባቸውን ይዛ ታቆማቸዋለች፤ ልጆቹ ዞር ሲሉ ደግሞ «ወይኔ ጉልበቴ» ትላለች። አንድ ጊዜ አጋይ ከቋጥኝ ጀርባ ሄደው ሲያስመልሳቸው ፊቷን አዙራ ጠበቀቻቸው።

«ዘንድሮ ኮሪደሩ ላይ የቤርሜት ጉልበት ፎቶ ይሰቀልልን» አለ ኩባን ከፊት።

«በፍሬም» አለ ሌላው።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ልጆቹ እዚያው ለማደር ፈለጉ። ነገ ጠዋት ይሻላት ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ቤርሜት እንቢ አለች፤ ጉልበቷ አብጧል፣ እስከ ኦሮዝና እስከ ፈረሶቹ መውረድ አለባት። ሱሪሽን ሰብስበሽ አሳዪን ያላት አልነበረም፤ ቢላት ኖሮ ምን እንደምታደርግ አታውቅም። ድንኳኖቹ ተነቀሉ። ሜሪም የቤርሜትን ዕቃ ሳይቀር ተሸከመች፤ ቃል ግን አልተነፈሰችም። ብትሰድባት ለቤርሜት ይሻላት ነበር።

የጥድ ዛፎቹ መታየት ሲጀምሩ የአጋይ ፊት ቀለሙ ተመለሰ። እርምጃቸው ተስተካከለ። ግጦሹ ጋ ሲደርሱ ክንዷን ቀስ ብለው ከትከሻቸው አወረዱ።

ኦሮዝ በግ ቀቅሎ ጠበቃቸው። ልጆቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲበሉ ቤርሜት እግሯን ዘርግታ ብቻዋን አንድ ግንድ ላይ ተቀመጠች። አጋይ መጥተው አጠገቧ ቆሙ።

«የትኛው ነው?»

«ግራው።»

«ስንወርድ በቀኙ ነበር የምታነክሺው።»

ቤርሜት ሁለቱንም እግሯን አየች።

«ከሸንተረሩ ላይ ብዙ አላስታውስም» አሉ አጋይ። «ኩባን ሲስቅ ትዝ ይለኛል። ገመድ ትዝ ይለኛል።» ወደ መጡበት ሽቅብ አዩ። «ያደረግሽውን ግን አውቄዋለሁ። እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ።»

«ምንም አይደል፣ አጋይ።»

«ጉንፋኑ ነው። በደንብ ሳይለቀኝ ወጣሁ። በሚመጣው ወር የሌላውን ክፍል ልጆች ይዤ ስመለስ ደህና እሆናለሁ።» ድምፃቸው የክፍል ድምፅ ሆኗል፣ እርግጠኛ። «ይሄ ነገር ግን በእኔና ባንቺ መሀል ይቅር። ወላጆች ከሰሙ ልጅ አይሰጡኝም።»

ከዚያ ወደ ልጆቹ ሄደው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ሜሪም የመጣችው ሳህኗን ካጠበች በኋላ ነበር። እጇ እርጥብ ነው። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አለች። «በእውነት አሞሽ ነው? አሞሽ ከሆነ ይቅር ልበልሽ።»

ቤርሜት ዓይኗን ወደ ሜሪም ማንሳት አቃታት። «አሞኛል።»

«እሺ» አለች ሜሪም። ጥቂት ቆማ ጠበቀች፤ ምን እንደምትጠብቅ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ከዚያ ተመለሰች።

ከአግዳሚው አካባቢ የአጋይ ድምፅ ይሰማል። ኩባን ስለ ጉልበቷ ሌላ ቀልድ ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም፣ እየገሠጹት ነበር። «በሰው ጉልበት አይቀለድም። ተራራ ላይ ማንም ሰው ሊጎዳ ይችላል። እሷ ስለተጎዳች መመለሳችን ትክክል ነው፣ ነገም እንዲሁ ነው የማደርገው።» ልጆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ታሪኩ እየተበጀ ነበር፤ ተማሪዋ ወደቀች፣ መምህሩ በደህና አወረዷት። መንደር ሲገቡም ይኸው ይወራል። በሚመጣው ወር ሌሎች ልጆች እዚያ ሸንተረር ላይ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ቋጠሮውም በእሳቸው እጅ ይታሰራል።

ቤርሜት ሽማግሌውን አየቻቸው። ትወዳቸዋለች። ሸንተረሩ ላይ መዋሸት ቀሏት ነበር፤ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። አሁን ጊዜ አላት፣ ያስቸገራትም እሱ ነው።

ከግንዱ ተነሳች። ልብሷን አራግፋ በሣሩ መሀል ወደ እነሱ ሄደች፤ ሳታነክስ፣ ሳትቸኩልም፣ እግሯን በእኩል እየረገጠች። መጀመሪያ ያያት ኩባን ነው፤ የጀመረውን አረፍተ ነገር ሳይጨርስ ተወው። ቀጥላ ሜሪም አየች። ዓይኗ ከቤርሜት ጫማ ወደ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷ ወደ ፊቷ ወጣ።

አጋይ ፊት ስትደርስ ቆመች።

«አጋይ፣ ልጆቹ ማወቅ አለባቸው» አለች። እሳቸው ብቻ እንዲሰሙት ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው። «እርስዎ ይንገሯቸው። እርስዎ ካልነገሯቸው ግን እኔ እነግራቸዋለሁ።»

አጋይ ለረጅም ጊዜ አላዩዋትም። ልጆቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

«ተቀመጪ፣ ቤርሜት» አሉ። ወደ ሌሎቹም ዞሩ። «ልጆች፣ ጠጋ በሉ እስቲ።»