የሐጂ መሐሙድ በረንዳ

ሐጂ መሐሙድ ሄርማታ ሰፈር ካለው አሮጌ ፎቅ ቤታቸው ሥር፣ አትክልቱ መሐል ተደፍተው የተገኙት በ1998 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከበላያቸው ካለው የእንጨት በረንዳ የተነቀለ መደገፊያ አጠገባቸው ወድቋል። ጎረቤት ግን አደጋ ነው ብሎ አላመነም። ልጃቸው ሸኩር ቤቱን አፍርሶ አዲስ ፎቅ ሊሠራ፣ አባትየው ደግሞ ለሙዚየም ሊያቆዩት መጣላታቸውን ያልሰማ አልነበረም። ኢንስፔክተር ሸዋረገጥ ስትደርስ ሰፈሩ ፍርዱን ጨርሷል፤ ሸኩርም እጁን ታስሯል።

ሸዋረገጥ የሚያወራላትን ሁሉ ትታ አስከሬኑ የነበረበትን አፈር በጣቷ ወጋችው። አዲስ የተኮተኮተ ስለነበር ጣቷ ሰመጠ። የደጃፉን ድንጋይ ነካችው፤ እርጥብ ነው።

«ዝናብ ጥሏል?»

«አልጣለም» አላት ሸኩር። «እመቤቴ፣ ቤቱ እንዲፈርስ መፈለጌን አልክድም። አባቴን ግን፣ ወላሂ አልነካሁም። አሰንዳቦ ቡና ልጭን ሄጄ መኪና ውስጥ ነው ያደርኩት።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«የለም።»

እህቱ ዘይቡ ሌላ ሰፈር ለቅሶ ቤት አድራ ጠዋት የመጣች ናት፤ ዓይኗ አብጧል።

«አባትሽ በረንዳው ላይ የት ነበር የሚቀመጡት?»

«ገበያውን በሚያሳየው ጥግ። ሌላ ቦታ አይቀመጡም።»

«ትናንት ምን አሉሽ?»

ዘይቡ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «‹ሸኩር እውነቱን ነው፤ ጣሪያው የልጅ ልጆቼ ላይ ሳይወድቅ ይፍረስ› አሉኝ። ‹ለሙዚየሙም ራሴ እነግራለሁ› አሉ።»

ሸዋረገጥን ወደ በረንዳው ያወጣት ገበየሁ ነው። የከተማው ሙዚየም ባለሙያ ሲሆን፣ ይህን ቤት አምስት ዓመት ሙሉ ሲጠግን ኖሯል። ጥጉ ጋ ስትደርስ ክንዷን ያዛት።

«እዚህ ጋ አይደገፉ። የጥንቱ የዋንዛ እንጨት ቅርጽ ነው፤ ምስጥ ስለበላው በክርን ቢነኩት ይወድቃል።»

«የተነቀለውስ?»

«እሱ ባሕር ዛፍ ነው። አምና ራሴ የተካሁት፤ ዋጋ የለውም።»

ሸዋረገጥ ሦስቱንም ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሐጂ ከላይ አልወደቁም» አለች። «በዚያ ለስላሳ አፈር ላይ የወደቀ ሰው ጭንቅላቱ እንደዚያ አይፈነከትም። የተመቱት ደጃፉ ድንጋይ ላይ ነው፤ ደሙ ታጥቧል። ገዳዩ አትክልቱ ውስጥ ካስተኛቸው በኋላ ወድቀው ነው ለማሰኘት መደገፊያ መስበር ነበረበት። ሐጂ የሚቀመጡበት ጥግ በክርን የሚወድቅ ነው፤ እሱን ቢሰብረው ሁላችንም እናምን ነበር። እሱ ግን ያንን ትቶ፣ ሐጂ የማይቀመጡበት ቦታ ያለውን ጠንካራ ባሕር ዛፍ ከነሚስማሩ ታግሎ ነቀለ። ለምን?»

ወደ ዘይቡና ወደ ሸኩር ዞረች።

«ዘይቡ የአባቷን መቀመጫ ታውቃለች፤ አትሳሳትም። ሸኩር ደግሞ ቤቱን በሙሉ ሊያፈርስ የሚለምን ሰው ነው፤ ለአንድ ቅርጽ አይራራም። ለአሮጌው እንጨት የሚሳሳ ሰው እዚህ ቤት አንድ ብቻ ነው።»

ገበየሁ አንገቱን ደፋ።

«ማታ ደጃፉ ላይ ቤቱ ይፈርሳል ሲሉኝ ገፋኋቸው እንጂ ልገድላቸው አላሰብኩም» አለ። «ጥጉን ልሰብረው ሄጄ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።»

«ለእንጨት» አለች ዘይቡ። አላለቀሰችም። «ገበየሁ፣ ጣሪያው አናታቸው ላይ ሲያፈስ አምስት ክረምት የታገሡት ባንተ ምክንያት ነው። ይፍረስ ባልናቸው ቁጥር ‹ያ ልጅ ይከፋዋል፣ ትንሽ እንቆይለት› ይሉን ነበር።»

ገበየሁ ቀና ማለት አቃተው። አንድ ፖሊስ የሸኩርን እጅ ፈትቶ ወደ ገበየሁ ሄደ። ሸኩር ግን ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«ዘይቡ፣ እውነት ይፍረስ ብለው ነበር?» አላት።

«ስትመለስ ሊነግሩህ ነበር።»

ሸኩር ያን ጊዜ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።