ኩንጁ የላሰችው መድኃኒት

«ቶሎ በይ፣ ሰው ሳይመጣ።»

ሬቫቲ ከማድቤቱ ጀርባ ቁጢጥ ብላ ድመቷን ታጣድፋለች። ኩንጁ ግን የምትጣደፍ ፍጥረት አይደለችም። በትንሿ የነሐስ ጽዋ ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ቅቤ ቀስ እያለች ትልሳለች፣ መሀል ላይ ቆም ብላ ጺሟን ታብሳለች፣ ደግሞ ትቀጥላለች። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ አሁንም ከኮኮነት ዛፎቹ ላይ ይንጠባጠባል። ጽዋዋ ባዶ ስትሆን ሬቫቲ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለቻት። ከዚያ መራራ ነገር እንደዋጠ ሰው ፊቷን አኮማትራ ወደ በረንዳው ተመለሰች።

«ጨረስሽ?» አሉ አያቷ።

«ጨረስኩ፣ አባባ።»

ግማሽ ዓመት ሙሉ ይኸው ነው። አያቷ አቹታን በመንደሩ የታወቁ የአዩርቬዳ፣ የሕንድ ባህላዊ ሕክምና፣ መድኃኒት አዋቂ ናቸው፤ ሙያውን ከአባታቸው ነው የወረሱት። ሬቫቲ በአጋማሽ ዓመቱ ፈተና የሒሳብ ውጤቷን ለማንም ማሳየት አፍራ ስትደብቅ ጊዜ፣ አያቷ የብራህሚ ቅቤ አነጠሩላት። ብራህሚ እርጥብ መሬት ላይ የሚሳብ ትንሽ ቅጠል ነው፤ ጭማቂው ከቅቤ ጋር ሲነጠር ለማስታወስ ይበጃል ይላሉ። ሬቫቲ በመጀመሪያው ቀን በምላሷ ጫፍ ነካችውና ሊያስመልሳት ደረሰ። በማግስቱ «ሰው እያየኝ መዋጥ አልችልም» ብላ ጽዋዋን ይዛ ወደ ጓሮ ዞረች። ኩንጁ እዚያ ነበረች።

እስከ ዓመቱ መጨረሻ ፈተና ድረስ ሬቫቲ ከትምህርት ቤት መልስ ጓደኛዋ ጂሻ ቤት እየሄደች የአሥር ዓመት የሒሳብ ፈተናዎችን አንድ በአንድ ሠርታለች። ጣቷ እርሳስ የሚይዝበት ቦታ ላይ ጠጥሯል። የአሥረኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ በሒሳብ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጣች። እሷ አፏን ሳትከፍት እናቷ ለጎረቤቱ ሁሉ «የአባቴ ቅቤ ነው» ብላ ጨረሰች። ሬቫቲ የለፋሁት እኔ ነኝ ማለት ፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን ያንን ካለች ቅቤው የት እንደገባም መናገር ሊኖርባት ነው። 

ጂሻ ይህን ስትሰማ በሳቅ ሞተች። «ጀለሴ፣ ሽልማቱ እኮ የሚገባው ለኩንጁ ነው» አለቻት።

መጀመሪያ ላይ ሬቫቲም ስቃ ነበር። ከዚያ በረንዳው መሙላት ጀመረ። አስፋልቱ ዳር ጤና ጣቢያ ከተከፈተ ወዲህ አቹታን ዘንድ የሚመጡት ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። አሁን የተማሪ እናቶች ማሰሮ ይዘው ይሰለፋሉ። አቹታን ዕቃ ቤት ውስጥ ተደፍቶ የከረመውን የአባታቸውን ሰፊ የነሐስ ድስት አውርደው አሹት፣ እሳት አነደዱ። የጎበጠው ጀርባቸው ቀና አለ። ቀኑን ሙሉ ድስቱ አጠገብ ተቀምጠው ያማስላሉ፤ ማማሰያውን ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም። ቅቤው መድረሱን የሚያውቁትም በጆሯቸው ነው። ከድስቱ ግርጌ ቆንጠር አድርገው የቅጠሉን ዝቃጭ በጥጥ ፈትል ላይ ይጠቀልሉና ኩራዙ ላይ ይለኩሱታል። ከተንጣጣ ውሃ አለው፣ ገና ነው። ድምፅ ሳያሰማ ከነደደ ደርሷል።

ሬቫቲ አያቷን እንዲህ ደስ ብሏቸው ያየችበትን ጊዜ አታስታውስም። አፏን የለጎማት ይኸው ነው።

ያ ዝናብ ያደረበት ጠዋት ቅዳሜ ነበር። ጽዋዋን መልሳ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጎረቤታቸው እትዬ ሳሮጂኒ ከጉድጓዱ አጠገብ ጠበቋት። የእሳቸው ልጅ ቺንቹ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ የሚጥል በሽታ ስላለባት ሁለት ዓመት ሙሉ ክኒን ትወስዳለች።

«ሬቩ፣ እንደ እናትሽ ቁጠሪኝና እውነቱን ንገሪኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያ ቅቤ ሠርቶልሻል?»

ሬቫቲ ባልዲውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ያው... ጥሩ ነው፣ እትዬ።»

«እኔም ብያለሁ። ልጄን እኮ ክኒኑ አደነዘዘብኝ። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ነው፣ የተማረችው አይያዛትም። ግማሽ ካደረግኩት ሳምንቴ ነው። ዛሬ ማሰሮዬን እወስድና ከነገ ጀምሮ ክኒን የሚባል አላሳያትም። ለአያትሽ ግን ትንፍሽ እንዳትይ፣ ክኒኑን እንዳትነኪ ብለው ተቆጥተውኛል። አንቺን በዓይኔ አይቼ እንዴት አላምንም?»

ጉንጯን መታ መታ አድርገዋት ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ሬቫቲን ቤቱ አልበቃት አለ። መጽሐፍ ከፈተች፣ ዘጋች። ተኛች፣ ተነሳች። የታጠፈ ልብስ ፈትታ እንደገና አጠፈች። እናቷ «ምን ነክቶሻል? ጉንዳን የገባብሽ ትመስያለሽ» አለቻት። በመጨረሻ አያቷ አጠገብ ሄዳ ቆመች።

«አባባ፣ ቅቤው የሚጥል በሽታን ክኒን ይተካል?»

ማማሰያው አልቆመም። «አይተካም። ከክኒኑ ጋር ቢወስዱት ይስማማ እንደሆን ራሱ መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቂ ብያታለሁ ሳሮጂኒን። ምነው፣ አቆመች እንዴ?»

«ኧረ ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩት።»

አቹታን ቀና ብለው ትንሽ አይዋት፤ ከዚያ ወደ ድስታቸው ተመለሱ። በአንድ ቀን ሦስት ውሸት። ሬቫቲ ጃንጥላዋን አንስታ ወደ ጂሻ ቤት ወጣች።

መንገዱ በቤተ መቅደሱ ኩሬ በኩል ያልፋል። በክረምቱ ውሃው ሞልቶ ወደ ኩሬው ከሚያወርዱት የድንጋይ ደረጃዎች ብዙዎቹን ውጧል። ከውሃው በላይ በቀረው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ቺንቹ ብቻዋን ተቀምጣ እግሯን ታንቦጫርቃለች።

«አንቺ፣ ማን ፈቀደልሽ?» አለች ሬቫቲ ከላይ ሆና።

«ከነገ ጀምሮ ክኒን የለም ብላኛለች እማዬ። ድኛለሁ ማለት ነው። ዋና ልማር ነው፣ ሬቩዬ። መጀመሪያ እጄን እንዲህ አደርግና፣ ከዛ እግሬን...»

ቃሉ መሀል ላይ ቀረ። እጇ እንደተዘረጋ ደረቀ። ዓይኗ እንደተከፈተ ነው፣ ግን የሚያየው ነገር የለም፤ ከንፈሯ ብቻ የሆነ ነገር እንደሚያኝክ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ውሃው ማዘንበል ጀመረች።

ሬቫቲ ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም። ቀሚሷን ከማጅራቷ ላይ ጨምድዳ ይዛ ወደ ራሷ ጎተተቻት። ጃንጥላው ውሃው ላይ እየተሽከረከረ ይርቃል። የልጅቷ ገላ ከብዷታል፣ የራሷ ልብ ጆሮዋ ውስጥ ይመታል። ያ ጊዜ ማለቂያ የሌለው መሰላት።

ቺንቹ ዓይኗን አርገበገበች። «...እግሬን እንዲህ» አለች፣ ካቆመችበት ቀጥላ። ከዚያ ግራ ገብቷት ዞር አለች። «ለምንድነው የያዝሽኝ?»

 ሬቫቲ እጇን ይዛ፣ ዝናቡ እየወረደባቸው፣ ወደ አያቷ ቤት አመጣቻት።

እትዬ ሳሮጂኒ በረንዳው ላይ ከሁለት እናቶች ጋር ተቀምጠው ነበር። በሙዝ ቅጠል የተከደነውን ማሰሯቸውን እቅፋቸው ውስጥ አድርገውታል። አቹታን ያማስላሉ። ሬቫቲ ማንንም ሳታይ ከመደርደሪያው ላይ ትንሿን ጽዋ አነሳችና ለአያቷ ዘረጋችላቸው።

«ጠዋት ወስደሽ የለም እንዴ?» አሉ። ቢሆንም ቀድሞ ነጥሮ ከቀዘቀዘው አንድ ማንኪያ ጨመሩላት።

ሬቫቲ ጽዋዋን ወለሉ መሀል ላይ አስቀመጠች። «ኩንጁ» ብላ ተጣራች።

ድመቷ ከጓሮ መጣች። በሴቶቹ እግር መሀል አልፋ፣ ቦታውን እንደሚያውቅ ሰው ጽዋዋ ፊት ተመቻችታ ተቀመጠችና መላስ ጀመረች። ከሴቶቹ አንዷ ሳቀች። ከዚያ የሌሎቹን ፊት አይታ ተወችው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለች ሬቫቲ። ድምፅዋ ቀጭን ሆነባት። «እትዬ ሳሮጂኒ፣ ጠዋት ዋሸሁዎት። ቅቤውን በልቼው አላውቅም። ስትበላው የኖረችው እሷ ናት። ሒሳቡን ያጠናሁት ከጂሻ ጋር ነው። ቺንቹ አሁን ኩሬው ውስጥ ልትወድቅ ነበር፣ እያወራች ደርቃ ቀረች። እባክዎ፣ ክኒኑን አያቁሙባት።»

እትዬ ሳሮጂኒ ማሰሮውን አስቀምጠው ልጃቸውን ወደ ደረታቸው ሳቧት። ፀጉሯን፣ ፊቷን፣ እርጥብ ቀሚሷን ዳበሱ። አቹታን ማማሰያውን አቆሙ። ቀኑን ሙሉ ሲያቆሙት ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ክኒኑን ቀንሰሻል?» አሉ።

እትዬ ሳሮጂኒ አንገታቸውን ደፉ።

«ተነሺ። ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ እንድረስ። የክኒኑንም ዕቃ ያዢ።»

አቹታን ጃንጥላቸውን አንስተው ወጡ። በሬቫቲ አጠገብ ሲያልፉ አላዩዋትም። ያዩት ድመቷን ነው። «ጠጉሯ እንዲህ የሚያብረቀርቀው ለካ...» አሉና ሳይጨርሱት ሄዱ። ሁለቱ እናቶችም ተያይተው ተነሱ። አንዷ ባዶ ማሰሮዋን ይዛ ሄደች፣ ሌላዋ የራሷን እዚያው ረስታ ወጣች።

ሬቫቲ ብቻዋን ቀረች። አፍራለች፤ ፊቷ ይነድዳል። ከሁሉ የባሰባት ግን ያ ድስት ነበር። እሳቱ ይነድዳል፣ ማማሰያው ዘንበል ብሎ ቆሟል፣ ቅጠሉ ድስቱ ግርጌ ላይ መያዝ ጀምሮ ጠረኑ እየተለወጠ ነው። ነገ ለዚህ ቅቤ ብሎ የሚሰለፍ ሰው አይኖርም። ማገዶውን ጎትታ ማጥፋት ትችላለች። ጂሻ ቤት መሄድም ትችላለች፤ እንዲያውም እግሯ በረንዳው ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር።

ተመለሰች። በአያቷ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። የማማሰያው እጀታ እሳቸው የያዙበት ቦታ ላይ ገና ይሞቃል። እሳቸው በሚያዞሩበት አቅጣጫ፣ ከግርጌ እየፋቀች፣ ማዞር ጀመረች። ክንዷ ደከመ፤ እጅ ለወጠች። ኩንጁ ጽዋዋን ጨርሳ መጥታ እግሯ ላይ ተጠቀለለች።

ዝናቡ ሲያባራ ከድስቱ ግርጌ ዝቃጩን ቆንጠር አድርጋ ጣቷን እያቃጠላት በፈትሉ ላይ ጠቀለለችው። ኩራዙ ላይ አስጠጋችውና ጆሮዋን ጣል አደረገች።

ተንጣጣ።

ማማሰያውን መልሳ አነሳች።