በዝግባው በኩል የመጣው ጎርፍ

ዘሪሁን ሐዋሳ መሃል ከተማ የጣውላ መሸጫ አለው። ልጁ ፌቨን ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ታጠናለች፤ ከክፍል ስትወጣ እየመጣች እሱ ጋ ታነባለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ስለ ድሃ ሀገራት የዕዳ ስረዛ ለክርክር ስትዘጋጅ ያነበበችውን ነገረችው።

«የፋብሪካ ጭሱን አየሩ ላይ የለቀቁት ሀብታሞቹ ሀገራት!» አለ ዘሪሁን በቁጣ። «ድርቁና ጎርፉ የሚወርደው እኛ ላይ። ከዚያ ደግሞ ዕዳችሁን ከነወለዱ ክፈሉ ይሉናል። ይሄ ግፍ አይደለም?»

«እኔም የምከራከረው ይህንኑ ነው፣ አባዬ።»

ወሬያቸውን ሳይጨርሱ ዋሲሁን ገባ። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ሥር የሚያርስ፣ የዘሪሁን አብሮ አደግ ነው። አምና ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር ከእሱ ተበድሮ ነበር።

«ጎርፉ በቆሎውንም እንሰቱንም ጠራርጎ ወሰደብኝ» አለ፣ ቁጭ እንኳ ሳይል። «ዕዳዬን አልክድም። እስከሚቀጥለው አዝመራ ታገሠኝ።»

የዘሪሁን ፊት ተለወጠ። «አዝናለሁ፤ ግን ዕዳ ዕዳ ነው። ጎርፉን እኔ አልላክሁብህ። በሬዎችህ አሉ አይደል?»

«አሉ። እነሱን ሸጬ ብከፍልህ በምን አርሳለሁ? ተመልሼ ካንተው ልበደር ነው?»

ፌቨን ቀና ብላ አባቷን አየችው። ዘሪሁን ዓይኗን ሸሸና ወሬ ለማስቀየር ያህል፣ «ለመሆኑ ጎርፉ በየት በኩል መጣ?» ሲል ጠየቀ።

«በዝግባው በኩል።»

«ዝግባው እያለ?»

«ቦታውን ማለቴ ነው። ዛፉማ አንተ ጋ መጥቷል።»

ዋሲሁን ይህን ያለው በክፋት አልነበረም፤ የሆነውን ነው የተናገረው። ዘሪሁን ግን ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙትን ጣውላዎች ዞሮ አየ። ደላሎች በአይሱዙ የሚያመጡለትን እንጨት ከየት ተቆረጠ ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

በልጅነታቸው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ዝናብ ከያዛቸው የሚጠለሉት እዚያ ዝግባ ሥር ነበር። ዶፉ እየወረደ ከሥሩ ያለው መሬት ደረቅ ነበር። አንድ የበቆሎ እሸት ለሁለት እየተካፈሉ፣ ከላያቸው ጉሬዛዎቹ ሲንጫጩ እየሰሙ ይስቁ ነበር። የአባቱ ድምፅም መጣበት። አባቱ አቶ በቀለ፣ በረዶ አዝመራውን የመታበት ጎረቤት ዕዳውን ሊከፍል ሲመጣ፣ «ሰማይ የመታውን ሰው እኔ አልደግመውም» ብለው ነበር የመለሱት። ያ ዘመን፣ ያ ሰውነት ወዴት ሄደ? ለዋሲሁን ያበደረው ገንዘብ እኮ ያው ኮረብታ ተራቁቶ የተገኘ ነው።

«በሬዎችህን እንዳትሸጥ» አለ ወደ ዋሲሁን ዞሮ። «ዕዳው ቀርቷል።»

«እግዚአብሔር ይስጥህ! ይህን ውለታህን...»

«ኧረ አታመስግነኝ። ገና ካሳ አለብኝ።»

ከዚያ ወዲህ ዘሪሁን ምንጩን የማያውቀውን እንጨት አይገዛም። ክረምት ሲገባም የዝግባ ችግኝ ጭኖ ወደ ኮረብታው ይወጣል።

ወገኖቼ፣ የበለጸጉት ሀገራት የተጎዱትን ሀገራት ዕዳ ቢሰርዙ ምጽዋት ሰጡ አይባልም፤ ላደረሱት ጉዳት መካስ ጀመሩ እንጂ። ይህን ከነሱ ስንጠይቅ ግን የኛንም ደጅ እንመልከት። ዘሪሁን በጎልማሳ ዕድሜው የተከለው ዝግባ ጥላ ሲሆን እንደማያይ ያውቃል። ሆኖም ከዋሲሁን ጋር ጎንበስ ብሎ አፈሩን በእጁ ጠቅጠቅ ያደርግና ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ያልፋል።