ሳይፈተሽ የተደፈነ ግድግዳ

አምቦ ውስጥ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ባለ ሰፈር፣ መድና የምትባል ሴት ከባሏ ከፋሩቅና ከአማቷ ከእማማ መሊካ ጋር ትኖራለች። ባልና ሚስቱ የጨርቃጨርቅ ሱቅ አላቸው። እማማ መሊካ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቁጭ ብድግ ማለት ከተሳናቸው ቆይቷል። ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ ውሃ የምታፈስላቸው፣ እግራቸውን ደግፋ የምታጥባቸው መድና ነበረች። ሱቁ በደንበኛ ቢሞላ እንኳ ትታ ትመጣለች። ለዚህ አገልግሎቷ ምስጋና ጠይቃ አታውቅም፤ ግን ቤቱ ያለእሷ እንደማይቆም ታውቃለች፤ ይህን ማወቋም ደስ ይላታል።

የቤታቸው መታጠቢያ አርጅቶ ነበር። ወለሉ ያንሸራትታል፣ ፍሳሹ በየጊዜው ይዘጋል፤ ልብስ የሚታጠበውም ደጅ ላይ በሳፋ ነው። ስለዚህ በ2015 ዓ.ም. ክረምቱ ሲወጣ መታጠቢያ ቤቱን ለማደስና ከጎኑ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ለመጨመር ወሰኑ። ፋሩቅ ሠራተኛ ሲያፈላልግ ሃዋኒ የምትባል ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ አገኘ። ሃዋኒ የደንዲ ገበሬ ልጅ ናት። ሙያውን በቴክኒክና ሙያ ተምራ፣ አምቦ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ፣ በየሰው ቤት እየሠራች ራሷን ታስተዳድራለች።

"ሴት?" አለች መድና ስሟን ስትሰማ። "ሌላ ጠፍቶ ነው?"

"ሥራዋን ሄጄ አይቻለሁ" አለ ፋሩቅ። "ጥሩ ትሠራለች። ለእማዬም ሴት ብትሆን ይሻላል።"

እውነቱን ነበር። ሃዋኒ ሰማያዊ ቱታዋን ለብሳ፣ የዕቃ ሳጥኗን ይዛ "አካም ጅርቱ!" እያለች በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥታ በገባችበት ቀን መጀመሪያ የሄደችው ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሳይሆን ወደ እማማ መሊካ ነበር።

"ሃርሜ፣ እናቴ፣ እስቲ እግርዎን ያንሱልኝ። እስከ የት ይነሳል? ሲቀመጡስ ጉልበትዎን የሚያምዎት የት ላይ ሲደርሱ ነው?"

አሮጊቷ መጀመሪያ አፈሩ። ቀስ በቀስ ግን ሁሉንም ነገሯት። ሽንት ቤት ሲገቡ ምን እንደሚያስቸግራቸው፣ ለመነሳት ምን እንደሚይዙ ሳይደብቁ አጫወቷት። ሃዋኒም ከፍ ያለ መቀመጫ፣ ለመነሻ የሚያዝ የብረት መደገፊያ፣ ተቀምጠው እግራቸውን የሚታጠቡበት ዝቅ ያለ ቧንቧ እንደምታዘጋጅላቸው ነገረቻቸው።

"ይህን ለወንድ ሠራተኛ በየት አፌ እነግረው ነበር!" አሉ እማማ መሊካ እየሳቁ። "ከእንግዲህ ራሴ እታጠባለሁ። መድናንም አላስቸግራትም።"

እሳቸው ይህን ያሉት ለመድና አዝነው ነው። መድና የሰማችው ግን በሌላ ጆሮ ነበር። "ከእንግዲህ አታስፈልጊኝም" ያሏት ያህል ተሰማት።

ቅናት የገባው በዚህ በኩል ነው። ከዚያ በኋላ ምግቡን ከየአቅጣጫው ይለቅም ጀመር። ፋሩቅ እራት ላይ "ያቺ ልጅ እጇ ይባረክ፣ ዛሬ የድሮውን ቧንቧ ነቅላ ጨረሰች" ሲል፣ መድና የጠቀለለችውን ጉርሻ ወደ ትሪው ትመልሳለች። ሱቁን ስትከፍትና ስትዘጋ ለኖረችው ለእሷ እጅ እንዲህ ብሎ መርቆ ያውቃል? አታስታውስም። ሃዋኒ በስልክ ከደንበኞቿ ጋር ስትነጋገር፣ "ቅዳሜ አይመቸኝም፣ ሰኞ እመጣለሁ" ስትል ትሰማለች። ራሷ ትምህርቷን ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጣ መዳሯ ትዝ ይላታል። ልጅቷ ምንም አላደረገቻትም። መድና ግን የልጅቷን ሳቅ፣ ቱታዋን፣ መፍቻ የምትይዝበትን አያያዝ ሳይቀር ጠላች።

አንድ ቀን ከሱቅ ስትመለስ ከመታጠቢያ ቤቱ ሳቅ ሰማች። ገብታ ስታይ ሃዋኒ ከግድግዳው ሥር ተንበርክካ ቧንቧ ትገጥማለች። መብራት ስለጠፋ ፋሩቅ በስልኩ ያበራላታል። እማማ መሊካ በሩ ላይ ወንበር አስቀምጠው፣ "በርቺ ልጄ" እያሉ ያበረታቷታል። ከዚህ ሌላ ምንም አልነበረም። መድና ግን ሦስት ሰዎች እሷን ከቤቷ አስወጥተው በሩን የዘጉባት መሰላት።

ወደ ጎረቤቷ ወደ አመለሸጋ ሄደች።

"ልጅቷ አላማረችኝም" አለቻት። "ባሌ አጠገቧ ካልቆመ አይሆንለትም።"

"ድሮስ!" አለች አመለሸጋ። "ሴት ልጅ ሱሪ ታጥቃ ከሰው ቤት ሰው ቤት ስትዞር ምን ልታመጣ ኖሯል? እኔም ልብስ ማጠቢያዬን እንድትሠራልኝ ቀጥሬአት ነበር፤ ይቅርብኝ።"

መድና ደንገጥ አለች። ነገሩ ከምታስበው በላይ ፈጥኖ ሄደ። "እንደሱ ማለቴ አይደለም" ማለት ትችል ነበር። አላለችም።

ልብ በሉ፤ የሰው ስም የሚጠፋው ሁልጊዜ በውሸት ብቻ አይደለም። እውነቱን የሚያውቅ ሰው ዝም ሲልም ይጠፋል።

በሳምንቱ ፋሩቅ ዕቃ ሊገዛ አዲስ አበባ ሄደ። ሃዋኒ ቧንቧውን ዘርግታ ጨርሳለች፤ ግድግዳው ግን ገና ክፍት ነው።

"አዴ መድና" አለች በአክብሮት፣ "ዛሬ ውሃ ሞልቼ ማሳደር እፈልጋለሁ። የሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ ካለ ሳይለሰን እናገኘዋለን። የብረቱ መደገፊያ የሚታሰርበት ብሎኬትም ብሎኑ እንዲይዝ በሲሚንቶ መሞላት አለበት።"

"አያስፈልግም። ዕቃሽን ሰብስቢና ሂጂ።"

"ምን አጠፋሁ?"

"አንቺ ታውቂዋለሽ።"

የሃዋኒ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ግን አላለቀሰችም። መሣሪያዋን አንድ በአንድ ሳጥኗ ውስጥ ከተተች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ "እኔን ይተዉኝ፤ ግድግዳውን ግን ሳይፈተሽ እንዳያስደፍኑት። ሃርሜን ያስቡ" ብላ ወጣች።

መድና ለፋሩቅ "የተሻለ ሥራ አግኝታ ጥላን ሄደች" አለችው። ፉፋ የሚባል ሌላ ሠራተኛ ተጠራ። ፉፋ ልምድ ያለው ጠንቃቃ ሰው ነው።

"ቧንቧው ተፈትሿል?" ሲል ጠየቀ።

"አዎ፣ ተፈትሿል። አንተ ዝጋው ብቻ" አለች መድና።

ፉፋ የነገረችውን አምኖ ለሰነ፣ ሴራሚኩን ለጠፈ፣ የብረት መደገፊያውንም ሴራሚኩ ላይ በብሎን አሰረ፤ ብሎኬቱ መሞላት እንደነበረበት የነገረው የለም። መታጠቢያ ቤቱ አበራ። ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ በአዲሱ ክፍል ተተከለ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አደነቀ። እማማ መሊካ ብቻ አልፎ አልፎ "ያቺ ልጅ ሳትሰናበተኝ የሄደችው ምን ብናስቀይማት ነው?" ይሉ ነበር። መድናም ወሬ ትለውጣለች።

ከወራት በኋላ ከሴራሚኩ መገጣጠሚያ ላይ ጥቁር እርጥበት ታየ። መድና በጨርቅ ጠረገችው። ተመልሶ መጣ። አሁንም ጠረገችው። ለማን ትናገራለች? ተናግራስ ምን ልትል ነው?

አንድ ዓርብ ረፋዱ ላይ እማማ መሊካ ለጁምዓ ሊታጠቡ ገቡ። ታጥበው ሲጨርሱ ለመነሳት ብረቱን ያዙና ክብደታቸውን ጣሉበት። ብረቱ ከነሴራሚኩ ተገንጥሎ መጣ። መድና ጩኸት ሰምታ ስትሮጥ አማቷ ወለሉ ላይ ወድቀው ነበር። ክንዳቸው ከሥራቸው ታጥፏል።

ሆስፒታል ክንዳቸው መሰበሩ ተነገረ። ፋሩቅ ተናዶ ፉፋን ጠራው። ፉፋ ግድግዳውን ሲከፍተው አንድ መጋጠሚያ ውሃ ያዣል፤ ከጀርባው ያለው ልስን እንደ ሊጥ ለስልሷል።

"ይሄ አንድ ቀን ውሃ ሞልተው ቢያዩት ኖሮ የሚታወቅ ነበር" አለ ፉፋ። ወደ መድና ዞረ። "እህቴ፣ ተፈትሿል ብለሽኝ አልነበር?"

ፋሩቅ ሚስቱን አያት።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አማቷ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ፣ እያለቀሰች ሁሉንም ተናገረች። እማማ መሊካ እስክትጨርስ አዳመጧት።

"የዚያች ልጅ ጥፋቷ ምን ነበር?" አሉ በመጨረሻ።

"ምንም። እርስዎ ልጄ አሏት። ፋሩቅ አመሰገናት። እኔ ግን... መድናን አላስቸግራትም ሲሉ፣ የጣሉኝ መሰለኝ።"

አሮጊቷ በደህና እጃቸው ፊቷን ዳሰሱ። "እኔ ደግሞ ስታጥቢኝ ምስጋናዬን የምታውቂው መስሎኝ ዝም አልኩ። አመስግኜሽ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን መድና፣ የእኔ ክንድ ይጠገናል። የዚያችን ልጅ ስም ማን ይጠግንላታል?"

እውነትም የልጅቷ ስም ተሰብሮ ነበር። መድና ስትጠይቅ ያወቀችው ይህን ነው። አመለሸጋ የሰማችውን ላገኘችው ሁሉ ነግራለች፤ ሃዋኒን የቀጠሩ ቤቶች አንድ በአንድ ሰርዘዋታል፤ አከራይዋም "ባል ያላቸው ተከራዮች አሉብኝ" ብላ ቤቱን አስለቅቃታለች። አሁን ወንጪ ሐይቅ ዳር፣ ሐሮ ወንጪ፣ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ቧንቧ ትዘረጋለች አሏት።

መድና ወንጪ ድረስ ሄደች። ሃዋኒ ከማረፊያው ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ቆማ ቱቦ ስታገናኝ ደረሰችባት። ሃዋኒ ስታያት ሥራዋን አላቆመችም።

"አፉ በይኝ" አለች መድና። "ቀንቼብሽ ነው። ባሌን ትወስጂብኛለሽ ብዬም አይደለም። አንቺን ሆኜ መገኘት ነበር ያማረኝ።" ከዚያም የእማማ መሊካን መውደቅ ነገረቻት።

ሃዋኒ ይህን ስትሰማ ከጉድጓዱ ወጣች። "ሃርሜ ተሰበሩ? ውይ!" አለችና ፊቷን አዞረች።

"መጥቼ እሠራዋለሁ። ለእሳቸው ስል። ለእርስዎ ግን አንድ ነገር አለኝ፤ እኔን እዚህ ጉድጓድ አጠገብ ይቅርታ ቢጠይቁኝ አባቴ አይሰማም፤ እስከ አባቴ አገር፣ እስከ ጊንጪ የደረሰው ወሬ ሌላ ነው። ወሬውን ለነገሯቸው ሰዎች እውነቱን ይንገሩ።"

ይህ ከባድ ነበር። መድና ግን አደረገችው። የሰፈሩ ሴቶች ለዕድር በተሰበሰቡበት፣ አመለሸጋም ባለችበት ብድግ አለች።

"ስለ ሃዋኒ የተወራው ውሸት ነው" አለች። "ምንጩ እኔ ነኝ። ልጅቷ ቤቴ ሥራዋን ብቻ ሠርታ ነው የወጣችው። ቅናቴ ነው ያናገረኝ።"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አመለሸጋ አንገቷን ደፋች። "አንቺ አንድ ነገር አልሽ" አለች በመጨረሻ፣ "እኛ ደግሞ በላዩ ጨመርንበት።"

ሃዋኒ መጥታ ግድግዳውን ከፈተች፤ መጋጠሚያውን ቀየረች፤ ብሎኬቱን ሞላች፤ ውሃውን አሳድራ አየች። በዚህ ጊዜ በስልኳ እያበራች አጠገቧ የቆመችው መድና ነበረች። አመለሸጋም መልሳ ቀጠረቻት። ሌሎቹ ቤቶች ግን ሁሉም አልተመለሱም፤ አንዳንዱ ሰው ክፉውን ወሬ ለመስማት እንጂ ማስተባበያውን ለመስማት ጊዜ የለውም። ሃዋኒ አሁንም መኖሪያዋ ወንጪ ነው። አምቦ የምትመጣው ሥራ ሲኖር ብቻ ነው።

እንግዲህ አንባቢዎች፣ ቤታችን የሚገባው ሠራተኛ ወንድም ይሁን ሴት፣ የምንመዝነው በሥራው ይሁን። ቧንቧው ካፈሰሰ አፈሰሰ እንበል፤ ካላፈሰሰም አላፈሰሰም እንበል። በቅናት የተነሳ ስለሰው ማንነት ልንናገር አፋችንን ስንከፍት፣ ቃላችን ነገ የአንዲት ልጅ እንጀራ፣ የአንዲት እናት ክንድ ሊሰብር እንደሚችል እናስብ። በቤታችን ያለውን ሰው ደግሞ፣ ያውቀዋል ብለን ዝም ከምንል፣ ዛሬውኑ እናመስግነው።