የመጨረሻዋ ስቲከር

ወይዘሮ ኦፓል ከገደሉ ሥር፣ ጎሾች በሚግጡበት ሣር ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ጠዋት ያገኛቸው በመኪና የሚጓዙ ሰዎች የሚያድሩበት ካምፕ ጠባቂ ድዌይን ነው። ሐኪም «ከቤት አይውጡ» ቢላቸው በማግስቱ አልጋና ምድጃ ያለው መኪና የገዙ አሮጊት ነበሩ። አሜሪካን ግዛት በግዛት አዳርሰው፣ የመጨረሻዋ ግዛት ሰሜን ዳኮታ የገቡት ትናንት አመሻሹ ላይ ነበር።

የወንድማቸው ልጅ ክሌይተን ለመርማሪዋ ለማርሊስ ነገሩን ባጭሩ ጨረሰላት።

«ራሳቸውን ነው የጣሉት። ማታ ስቲከሯን ሲለጥፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ‹በቃ፣ አለቀ› ብለው ወደ ገደሉ ሄዱ።»

የመኪናው በር ላይ የአሜሪካ ካርታ አለ። በየግዛቱ ስቲከር ተለጥፏል፤ ሰሜን ዳኮታም አልቀረችም።

የመንገድ ጓደኛቸው ወይዘሮ ቨርና ግን ይህን ሲሰሙ ጦፉ።

«ኦፓል? ራሷን? ሁለተኛ እንዳትይው! ተስፋ ቆርጣ ሞተች ተብሎ እንዲጻፍባት አልፈቅድም! ይሄ ልጅ ከትናንት ወዲያ ሞንታና ላይ ነው የተቀላቀለን፤ መጦሪያ ካልገቡ እያለ ይነዘንዛታል፣ እሷ ትስቅበታለች።»

«እርስዎስ ተጣልተዋቸው አያውቁም?»

«በየቀኑ! የደላዌርን ግዛት በዝናብ አቋርጠን፣ ስቲከሯን ላወጣ ስል እጄን በማንኪያ መታችኝ። ‹ያላደርኩበት አይቆጠርም፤ ጠዋት ቁርሴን በልቼ ነው የምለጥፈው› አለች። ላንድ ሌሊት ብላ ያን ሁሉ መንገድ መለሰችኝ። ግትር!» አሉና ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

ማርሊስ ወደ መኪናው በር ሄደች፤ ስቲከሯን በጥንቃቄ ላጠች። ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም መኪናው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«እኔና እሳቸው የተጨቃጨቅነው ስለ ጄኔሬተር ጫጫታ ብቻ ነው!» አለ ድዌይን ገና ሳይጠየቅ።

«ተረጋጋ። ስቲከሮቹ የነበሩት መኪናው ውስጥ ነው፤ አንተ ቁልፍ የለህም። ወይዘሮ ቨርና ደግሞ ደንቡን ያውቃሉ። ወይዘሮ ኦፓል ሳያድሩ አይለጥፉም፤ የሞቱት ግን በገቡበት ማታ ነው። ታዲያ ክሌይተን፣ ሲለጥፉ እንዴት አየህ?»

«በመጨረሻዋ ቀን ደንባቸውን ቢተዉስ?»

ወይዘሮ ቨርና ከት ብለው ሳቁ። «ኦፓልን አታውቃትም ማለት ነው!»

«እኔም ይሆናል ብዬ ነበር» አለች ማርሊስ። «ስለዚህ ሙጫውን አስመረመርኩ። ጠዋት ሁላችሁም አሻራ ሰጥታችኋል። ሙጫው ላይ ያለው አውራ ጣት ያንተ ነው። ጉዟቸውን ጨርሰው በቃኝ ያሉ አስመሰልካቸው።»

ክሌይተን ፊቱ ቀላ።

«እንደገና ከመጀመሪያዋ ግዛት ከሜይን እጀምራለሁ አሉኝ እኮ! ቤቱን ሸጠው! እኔን የሚያወርሱኝን ቤት! ስገፋቸው እንኳ እየሳቁ ነበር!»

ካቴና ገባለት። ማርሊስ ወደ ወይዘሮ ቨርና ዞረች። «ልጆችዎ ደውለዋል፤ ወደ ቤት ይመለሱ ብለዋል።»

«ንገሪያቸው፣ አልመለስም።»

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ ቨርና ከካምፑ ሱቅ አዲስ ስቲከር ገዙ። እንቁላል ጠብሰው፣ ሁለት ሳህን አቅርበው ከአንዱ በሉ። ከዚያ ስቲከሯን ካርታው ላይ በመዳፋቸው ደጋግመው ተጫኑ።

«እሳቸው እኮ አላደሩበትም» አለ ድዌይን ቀስ ብሎ።

«አድራበታለች!» አሉ ወይዘሮ ቨርና ወደ ገደሉ እያመለከቱ። «እዚያ ታች፣ ከጎሾቹ ጋር አድራበታለች። ይቆጠራል!»

የኦፓልን መኪና አስነሡና የሜይንን መንገድ ያዙ።