ከባዶው የዕቃ ክፍል የመጣው መልስ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነሥቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ ምናምን ለሚለኝ "ጆሮህን ታጠብ" ነው መልሴ። የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነኝ፣ የማምነው የሚፈታና የሚታሰር ነገር ብቻ ነው። ይኼን ግን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ እናቴ ትሙት!

አዘዞ አየር ማረፊያ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ወደ ላይ የሚከፈተው የአንዲት አውሮፕላን የዕቃ በር ተበላሽቶብናል። ያን ከባድ በር ቀስ ብሎ እንዲወርድ የሚይዘው ዳምፐር የሚሉት ዘይት የተሞላ ቱቦ ነው፣ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ተጨናንቆ ስለሚያልፍ በሩ መቸኮል አይችልም። ዘይቱ ፈስሶ አየር ከገባበት ግን በሩ እንደ መጥረቢያ ነው የሚወርድ። የኛውም አፍስሶ ነበር።

አብረውኝ ያሉት አያ ሞላ ናቸው፣ ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው። ማሸጊያ ጎማውን ቀየርኩ፣ ዘይት ሞላሁ፣ አየሩ እንዲወጣ የቱቦውን ዘንግ ገፋ ሳብ አደረግኩት። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው፣ በጥድፊያ ስለቀዳሁት ዘይቱ አረፋ ይዟል፣ እስኪጠፋ መጠበቅ ሲገባኝ "በቃ፣ ሸጋ ነው" ብዬ ገጠምኩት።

በኛ ሥራ በር ሊወርድ ሲል አንዱ "እጅ?" ይላል፣ ሌላው "ነፃ!" ይላል፣ ያለዚያ በር አይነካም። አያ ሞላ ከበሩ ወዲያኛው ጫፍ ስለሆኑ አይታዩኝም። በሩን ከፍቶ የያዘውን የመደገፊያ ብረት ጨብጬ "እጅ?" አልኩ።

"አለ! ቆይ!" አለኝ የአያ ሞላ ድምፅ፣ ከዕቃው ክፍል ውስጠኛ ጥግ፣ ጥርት ብሎ።

ዞሬ ሄጄ ሳይ፣ የምን ጥግ! አያ ሞላ እዚሁ ውጭ ቆመው፣ የወደቀች ብሎን ፍለጋ ክንዳቸውን በበሩ ደፍ እስከ ትከሻቸው አስገብተዋል፣ የእጅ ባትሪውን በጥርሳቸው ነክሰው።

"አሁን ቆይ ያሉኝ እርስዎ ነዎት?"

ባትሪውን ከአፋቸው አወጡ። "ምነው ልጄ፣ በየትኛው አፌ?"

ክንዳቸውን አውጥተው ራቅ ብለው ቆሙ፣ እኔም ከጎን ሆኜ ብረቱን ሳብኩ፣ በሩ ጓ! ብሎ ወረደ። ሁለታችንም ክንዳቸውን አየን። አለቀስኩ፣ አልደብቅህም።

ከዚያማ እልህ ያዘን! በሩን መረመርነው፣ ደግነቱ አልተጎዳም። ዳምፐሩን ፈታን፣ ዘይቱን በቀስታ ሞላን፣ አረፋው ድራሹ እስኪጠፋ ጠበቅን፣ ዘንጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል እስኪከብድ አየሩን አስወጣነው። "እጅ?" "ነፃ!" በሩ የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጡት ቀስ፣ ቀስ ብሎ ወርዶ ጠቅ አለ። እልልታዬን አቀለጥኩት፣ ያውም በሥራ ቱታ! አውሮፕላኗ ሳይመሽ ተነሣች፣ አያ ሞላ በዚያ በተረፈ ክንዳቸው አቀፉኝና "አበጀሽ የኔ አንበሳ!" አሉኝ። የዚያን ቀን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

የዕቃውን ክፍል ታዲያ በሩን ከመዝጋታችን በፊት ጥግ ጥጉን ፈትሼዋለሁ፣ ዝንብ እንኳ የለም። ለአያ ሞላ ነገርኳቸው፣ ይስቁብኛል ብዬ ነበር፣ አልሳቁም። አሁን በር ልናወርድ ስንል "እጅ?" እላለሁ፣ እሳቸው ቶሎ አይመልሱልኝም፣ አንገታቸውን ወደ ባዶው ክፍል ዘንበል አድርገው፣ የሚቀድማቸው ካለ ብለው፣ ትንሽ ያዳምጣሉ።